ሁሉም ነገር ከፈረሰ በኋላ፦ የትኛውን ልቦለድ ልግዛ?

መብራት ይጠፋል፤ ተመልሶም አይመጣም። ባንኮች ይዘጋሉ። የሱቅ መደርደሪያ ባዶ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ማን ይተርፋል? እንዴትስ ይተርፋል? ይህን ጥያቄ ይዘው የተነሱ ልቦለዶች ብዙ ናቸው። ሽፋናቸው እንኳ ይመሳሰላል፦ የፈራረሰ ከተማ፣ ግራጫ ሰማይ፣ ቦርሳ ያዘለ ብቸኛ ሰው። ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱን ወዶ “ይሄም ያው ነው” ብሎ ሌላውን የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ያዝናል።

የዚህ ዘውግ ሱስ ከጥፋቱ የሚመጣ አይመስለኝም። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ያልቃል። የሚይዘን ከዚያ የሚቀጥለው ቆጠራ ነው። ስንት ጣሳ ምግብ አለ? ውኃ ከየት ይቀዳል? ቁስል መስፋት የሚችል ማን ነው? እያነበባችሁ ሳታስቡት የራሳችሁን ጓዳ መቁጠር ትጀምራላችሁ። ሌላም ብዙ የማይወራለት ደስታ አለው። ዕዳ ይሰረዛል፣ አለቃ ይጠፋል፣ ትናንት ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ሰው ዛሬ ተፈላጊ ይሆናል። ኑሮ የከበደው ሰው ይህን ሲያነብ ትንሽ እፎይ ይላል። ደግሞ ልብ በሉ፣ ማናችንም ራሳችንን ከሟቾቹ ጋር አንደምርም። ሁላችንም ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነን!

ስለዚህ ስመርጥ የማየው መጽሐፉ የሚቆጥረው ምን እንደሆነ ነው። አንዳንዱ ዕቃ ይቆጥራል። አንዳንዱ ሰው ይቆጥራል። አንዳንዱ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሊተርፍ የሚገባው ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ከታች ያሉት ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ ዓመቶቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትንሽ ከተማ፣ ሁለት ጥፋት

የፓት ፍራንክ “አላስ ባቢሎን” (1959) እና የዊልያም ፎርስቸን “ዋን ሰከንድ አፍተር” (2009) በመካከላቸው 50 ዓመት አለ። ግን ጎን ለጎን እንዲነበቡ የተጻፉ ይመስላሉ። ሁለቱም አገር ሲፈርስ በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ተቀምጠው ያያሉ። በፍራንክ መጽሐፍ ፍሎሪዳ ውስጥ ያለችው ፎርት ሪፖዝ የምናብ ከተማ ናት። ጥፋቱም የኒውክሌር ጦርነት ነው። ፎርስቸን ግን እውነተኛዋን የሰሜን ካሮላይና ከተማ ብላክ ማውንቴንን ይዟል። እሱ ዘንድ በከተማዋ ላይ የሚወድቅ ቦምብ የለም። ቦምቡ የሚፈነዳው ሰማይ ላይ ነው፤ የሚፈጥረው የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ኤሌክትሪክ የሚነካውን ሁሉ በአንድ ቅጽበት ያቆማል።

ልዩነታቸው የሚታየው በኢንሱሊን ነው። በሁለቱም ውስጥ የስኳር ታማሚ አለች። በ“አላስ ባቢሎን” ታማሚዋ ጎረቤት ናት። ማቀዝቀዣው ይቆማል፣ መድኃኒቱ ያልቃል፣ ሴትዮዋ ትሞታለች። ጥቂት ገጽ ተጽፎላት ታሪኩ ይቀጥላል። በ“ዋን ሰከንድ አፍተር” ግን ታማሚዋ የዋናው ገጸ ባሕርይ ልጅ ናት። እያንዳንዱ ብልቃጥ ይቆጠራል፤ አንባቢም አብሮ ይቆጥራል። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ግን ቤታችሁ ውስጥ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ይህን መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ። (በ1977 የወጣው ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) ምድርን ሲመታ የሚተርከው ልቦለድ “ሉሲፈርስ ሀመር”ም የስኳር ታማሚ ገጸ ባሕርይ አለው። እሱ መጻሕፍቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ለነገው ትውልድ የሚደብቅ ሰው ነው። ስኳር ለዚህ ዘውግ የፈተና ወረቀት ሆኗል ማለት ይቻላል።)

“አላስ ባቢሎን” ልብ ይሞላል። ዋናው ሰው ራንዲ ብራግ ለምርጫ ተወዳድሮ የተሸነፈ፣ ብርጭቆ የሚያበዛ ጠበቃ ነው። ዓለም ሲፈርስ እሱ ይቃናል። የጨው እጥረት ሲመጣ መፍትሔው የሚገኘው ከአያት ቅድመ አያት የድሮ ማስታወሻ ውስጥ ነው። የከተማዋ ቤተ መጻሕፍትም በድንገት አንባቢ ይሞላዋል። ለዘውጉ አዲስ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ችግሩ ዕድሜው ነው፤ ስለ ሴቶችና ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ያለው አተያይ የ1950ዎቹ ነው፣ አልፎ አልፎ ይጎረብጣል።

“ዋን ሰከንድ አፍተር” ደግሞ ሊያስፈራችሁ ነው የመጣው፤ ይሳካለታልም። መግቢያውን የጻፈው የቀድሞው የአሜሪካ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ኒውት ጊንግሪች መሆኑ ራሱ መጽሐፉ ምን እንደሚፈልግ ይናገራል፦ ባለሥልጣን አንብቦት እንዲደነግጥ። ሳይንሱ ከባዶ የመጣ አይደለም። በሐምሌ 1962 አሜሪካ “ስታርፊሽ ፕራይም” በተባለ ሙከራ 1.4 ሜጋቶን ቦምብ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስታፈነዳ፣ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ሃዋይ የመንገድ መብራቶች ጠፍተዋል። መኪናውን በተመለከተ ግን ደራሲው አጋኗል። በልቦለዱ አዳዲሶቹ መኪኖች በሙሉ ቀጥ ይላሉ፤ እንደ ዋናው ገጸ ባሕርይ አማት ኤድስል ያሉ ያረጁ መኪኖች ብቻ ይነሳሉ። የአሜሪካ ኮንግረስ ያቋቋመው ኮሚሽን ግን መኪኖችን ሞክሮ በ2008 ባወጣው ሪፖርት ላይ አብዛኞቹ ያን ያህል እንዳልተጎዱ ጽፏል። ታሪኩን ይህ አያበላሸውም። አጻጻፉ ግን ደረቅ ነው፣ ገጸ ባሕርያቱም ንግግር ያበዛሉ።

ዕቃ ለሚወድ

ስለ “ፓትሪየትስ” ብዙ አልልም። ደራሲው ጄምስ ዌስሊ ሮልስ የቀድሞ የአሜሪካ ጦር የመረጃ መኮንን ነው። ገንዘብ ዋጋ ያጣል፣ አስቀድመው የተዘጋጁ ጓደኛሞች ወደ አይዳሆ ገጠር ይሸሻሉ፣ ከዚያ ጠመንጃ፣ ሬዲዮ፣ ነዳጅ፣ አጥር፣ እንደገና ጠመንጃ። ልቦለድ የለበሰ መመሪያ ነው። የሞዴል ቁጥርና የማከማቻ ዘዴ ማንበብ የሚያስደስታችሁ ከሆነ ከዚህ ዝርዝር ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን ግዙ። ሰው ፍለጋ ከሆነ የምትገዙት ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የሚገርመው፣ ስለ መዘጋጀት የተሻለ የጻፈችው ዘውጉን ከሚወዱ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትረሳው ኦክታቪያ በትለር ናት። “ፓራብል ኦቭ ዘ ሶወር” በ1993 ወጣ፤ ታሪኩ የሚጀምረው በ2024 ነው። እዚህ በአንድ ቀን የሚመጣ ጥፋት የለም። ውኃ ከቤንዚን ይወደዳል፣ ፖሊስ ገንዘብ ካልተከፈለው አይመጣም፣ ሰው በግንብ ታጥሮ ይኖራል፤ ነገር ግን ሥራም ትምህርትም ቅሪቱ አለ። የ15 ዓመቷ ሎረን ስለ ዱር ተክልና ስለ ሕክምና ታነባለች፣ ድንገት ብትሸሽ የምታነሳውን ቦርሳ ታዘጋጃለች። ስጋቷን ለጓደኛዋ ስትነግራት ደግሞ ጓደኛዋ ለወላጆቿ ታወራለች፤ ሎረን ሰው አስደንግጠሻል ተብላ ከአባቷ ተግሣጽ ትቀበላለች። እዚህች ትዕይንት ውስጥ ያለው እውነት በ“ፓትሪየትስ” ገጾች ሁሉ የለም። ቦርሳ ማዘጋጀቱ ቀላሉ ነው። ጎረቤት ማሳመኑ ነው አበሳው።

ግንቡ ሲፈርስ ሎረን ወደ ሰሜን በእግሯ ትጓዛለች፤ መንገድ ላይ ሰው ትሰበስባለች። ለኔ ከሁሉ የሚያስፈራው መጽሐፍ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዝግ ብሎ ይመጣል። ጭካኔው ግን ከባድ ነው። ለታዳጊ ልጅ ስጦታ ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት።

ከ20 ዓመት በኋላስ?

ብዙው ልቦለድ አንድ ክረምት ከተሻገረ በኋላ ያበቃል። ሁለት መጻሕፍት ግን ረጅም ዘመን ይሄዳሉ፤ ሁለቱም ከወረርሽኝ ይነሳሉ። የጆርጅ ስቲዋርት “ኧርዝ አባይድስ” (1949) እና የኤሚሊ ሴንት ጆን ማንደል “ስቴሽን ኢለቨን” (2014)።

በቤንዚን እንፈትናቸው። ቤንዚን ተቀምጦ ይበላሻል፤ ለዓመታት አይቆይም። ማንደል ይህን ታውቃለች። እሷ ዘንድ ከ20 ዓመት በኋላ ፒክአፕ መኪና የሚጎትተው ፈረስ ነው። በስቲዋርት መጽሐፍ ግን ከዚያ በላይ ዘመን አልፎ ወጣቶች በጂፕ አገር አቋርጠው ይጓዛሉ! በዚህ ፈተና ማንደል ታሸንፋለች።

በሌላው ሁሉ ግን እኔ ከስቲዋርት ጋር ነኝ። ገጸ ባሕርዩ ኢሽ የተማረ ሰው ነው፤ ሥልጣኔን መልሼ አቆማለሁ ብሎ ያስባል። ልጆቹ ግን ማንበብ አያጓጓቸውም። የታሸገ ምግብ ሞልቷል፣ ቧንቧው ለዓመታት ይፈሳል፣ ለምን ይለፉ? አንድ ቀን ቧንቧው ይደርቃል። ያኔም የሚጠግን የለም። ኢሽ በመጨረሻ መጽሐፉን ትቶ ቀስት መሥራት ያስተምራቸዋል፤ ትውልዱም ከድሮ ሳንቲም የቀስት ጫፍ ይቀጠቅጣል። አይጥና ጉንዳን ሰው በሌለበት እንዴት ተራ በተራ እንደሚበዙና እንደሚመናመኑ የተጻፈው ብቻ የመጽሐፉን ዋጋ ያወጣል። ዝግ ያለ ነው፣ ተኩስ የለውም ማለት ይቻላል። በ1951 ዓለም አቀፍ የፋንታሲ ሽልማትን አግኝቷል።

“ስቴሽን ኢለቨን” ሼክስፒርን እየተጫወቱ ከሰፈር ሰፈር የሚዞሩ ተዋንያንና ሙዚቀኞች ታሪክ ነው። እንዴት እሳት እንደሚያነዱ አይነግራችሁም። ይህን ዘውግ “የጠመንጃ መጽሐፍ” ብሎ የሚንቅ ወዳጅ ካላችሁ ለእሱ ግዙለት።

“ዘ ሮድ” ሁልጊዜ ከእነዚህ ጋር ይደረደራል። የኮርማክ ማካርቲ መጽሐፍ ነው፣ በ2007 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። አባትና ልጅ የገበያ ጋሪ እየገፉ በተቃጠለ አገር ያልፋሉ። ጥፋቱ ምን እንደሆነ እንኳ አይነገርም። በቋንቋው ከሁሉም በላይ ነው። ነገር ግን ከላይ ያልኩትን የቆጠራ ደስታ አትፈልጉበት፤ የሚቆጠር ነገር የለም ማለት ይቀላል። ሐዘን ላይ ላለ ሰው አልመክረውም።

እጃችሁ ላይ የአንድ መጽሐፍ ገንዘብ ብቻ ካለ “ኧርዝ አባይድስ”ን ግዙ። የሁለት ካለ “ፓራብል ኦቭ ዘ ሶወር”ን ጨምሩ። ለመዝናናት ብቻ ከሆነ “አላስ ባቢሎን” ይበቃል። ስትገዙ ተከታታዮቹንም ልብ በሉ። “ፓራብል” በ1998 የወጣ ሁለተኛ መጽሐፍ አለው፤ “ፓራብል ኦቭ ዘ ታለንትስ” ይባላል፤ የመጀመሪያውን ከወደዳችሁ መግዛታችሁ አይቀርም። “ዋን ሰከንድ አፍተር”ም ተከታዮች አሉት። የመጀመሪያው ግን ብቻውን የተሟላ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ጨርሱት።