ሐይቅ ለምትሄዱ፦ የወፉን ልጅ ፈልጉት

ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ያዘገየኝ እሱ ራሱ፣ ወሎ ሐይቅ ላይ ወፍ ያሳየን ልጅ ነው። ስሙንም ስልኩንም እንዳላወጣ ለመነኝ። "የፈለገኝ ሰው ሐይቅ ዳር መጥቶ ይጠይቅ፣ ሁሉም ያውቀኛል" አለኝ። ቃሌን እጠብቃለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልሆነልኝም።

አባቴ ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር ነው። አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ እንዳላት ለስንት ተማሪ አስተምሯል። ተመቻችቶ ቁጭ ብሎ አይቷቸው ግን አያውቅም። አሁን ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል። አምና ሌላ ቦታ ይዤው ወጥቼ ነበር። የያዝነው አስጎብኚ ፎቶ እንድናነሳ ብሎ ወፎቹ ላይ ድንጋይ ወረወረ። አባቴ ምንም ሳይናገር ተመልሶ መኪና ውስጥ ገባ። እስከ ማታ አልወጣም።

ዘንድሮ በጥቅምት ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ወሎ ወሰድኩት። ስለ ልጁ የነገረችኝ ደሴ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። "የወፉ ልጅ ይሉታል፣ የዓሣ አስጋሪ ልጅ ነው፣ እመኚኝ" አለችኝ። ሁለት ቀን ነበረን። አንዱ ለሐይቅ፣ አንዱ ለየጎፍ ደን።

ከደሴ እስከ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገና ሳይነጋ ተነስተን 12 ሰዓት ላይ ደረስን። ለጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው እውነት ነው፤ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ልጁ ጋቢውን ተከናንቦ ዳር ላይ ይጠብቀናል። ስለ ወፍ አንድ ቃል ሳይናገር መጀመሪያ አባቴን ጠየቀው። "አባባ፣ ምን ያህል ይራመዳሉ? ሳያፍሩ ይንገሩኝ።" አባቴ እውነቱን ነገረው። ልጁ ሄዶ ከአንድ ቤት ዱካ ይዞ መጣ። ያንን ዱካ ሁለቱንም ቀን በትከሻው ተሸክሞ ዋለ። ሃያ እርምጃ እንሄዳለን፣ ዱካውን ያስቀምጣል፣ አባቴ ይቀመጣል፣ ሦስታችንም ዝም እንላለን።

ለካ ወፍ የሚታየው እንዲህ ነው! ትንሽ ዝም ስንል ፊላው ውስጥ የተደበቀው ሁሉ መውጣት ጀመረ። ጥቁርና ነጭ የሆነው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከውሃው በላይ አንድ ቦታ ላይ እያርገበገበ ቆመ። ከዚያ እንደ ድንጋይ ወረደ። ሲወጣ አፉ ላይ የብር ቀለም ያለው ነገር ይንፈራገጣል። አባቴ እጄን ጨብጦ ያዘ።

ውሃው ላይ በተንሳፈፈው ቅጠል ላይ ደግሞ አንዲት ቡናማ ወፍ ትራመዳለች። ጃካና ትባላለች። ጣቶቿ ከሰውነቷ ጋር ሲተያዩ የሷ አይመስሉም፤ ሸረሪት ነው የሚመስሉት። ክብደቷ ስለሚበተን ቅጠሉ አይሰምጥም። ልጁ ቀስ ብሎ በሹክሹክታ ነገረን። እንቁላሉን የሚታቀፈው፣ ጫጩቶቹንም የሚያሳድገው ወንዱ ነው። አደጋ ሲመጣ ክንፉ ሥር ሸጉጦ ይሸሻል። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። እናቴ የሞተችው የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው።

አንድ ጊዜ ካሜራዬን ይዤ ትንሽ ጠጋ ልበል ብዬ ነበር። ልጁ ክንዴን ነካ አደረገኝ። "አብሽሪ እህቴ፣ እነሱ ይመጡልሻል። እኛ ወደነሱ ከሄድን ግን ይነሳሉ። እነዚህ ከሩቅ የመጡ ናቸው፣ ደክሟቸዋል።" የሚያሳየኝ ሜዳው ላይ በሚግጡት ከብቶች እግር መካከል የሚሯሯጡትን ጅራተ ረጃጅም ቢጫ ወፎች ነበር። ከብቱ ሲረግጥ የሚነሳውን ነፍሳት ይለቅማሉ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው ነው የሚመጡት። እኛ ዘንድ ክረምቱ ሲወጣ እነሱ ይገባሉ።

ከኪሱ አንድ ደብተር አወጣ። ሽፋኑ ያለቀ የተማሪ ደብተር ነው። በየዓመቱ ቢጫዋ ወፍ መጀመሪያ የታየችበትን ቀን በእርሳስ ጽፎበታል። ዝይ፣ ዳክዬ፣ የዓሣ ንስር፣ ሁሉም በራሱ መስመር። ማንም ጻፍ አላለውም፣ ማንም አልከፈለውም። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ገጽ በገጽ አነበበው። ሲጨርስ "ልጄ፣ አርባ ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ የቤት ሥራ የሠራልኝ የለም" አለው።

ረፋዱ ላይ አባቴ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን መሳለም ፈለገ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት ታላቅ ቦታ ነው። ሴት አይገባበትም። ልጁ ሙስሊም ነው፤ አባቴን ደግፎ እስከ በሩ አድርሶ ለአንድ መነኩሴ አደራ ብሎ ሰጠውና እኔ ብቻዬን እንዳልቀር ተመልሶ መጣ። ያቺን ሰዓት አልረሳትም። የዓሣ ንስር ከዛፍ ጫፍ ላይ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ሲጮህ ሰማሁ። ምሳችን የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ነበር። ልጁ ሰላቱን ሰግዶ መጥቶ ነው የበላው።

በማግስቱ ከኮምቦልቻ በላይ ወዳለው ወደ የጎፍ ደን ወጣን። ጽዱና ወይራው ጥላ ሠርቷል፣ መንገዱ ዳር አደይ አበባ ገና አልጠፋም። አንድ ቦታ ላይ በገበሬ ማሳ ማለፍ ነበረብን። ልጁ "ሳላስፈቅድ አልገባም" ብሎ ሄደ። ቆየ። አባቴ "የቁራ መልእክተኛ ሆነ" አለ። ወዲያው እቅፍ ሙሉ የባቄላ እሸት ይዞ ብቅ አለ። ገበሬው ፈቃዱንም እሸቱንም ሰጥቶታል። እሸቱን እየፈለፈልን ሳለ እውነተኛው ቁራ መጣ፤ ያ አፈ ወፍራሙ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም።

አባቴ ያለቀሰው ግን በቱራኮው ነው። ጉንጩ ነጭ፣ ሰውነቱ አረንጓዴ ወፍ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ ከቅጠሉ አይለይም። ሲበር ክንፉ ተዘረጋና ደማቅ ቀይ ሆነ። አባቴ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ አስረዳን። ያ ቀይ መዳብ ያለበት ልዩ ቀለም ነው፣ የቱራኮ ወገን ብቻ ነው ያለው። "በመጽሐፍ ብቻ ነበር የማውቀው" አለ። ልጁ መዳቡን አያውቅም ነበር። ወዲያው ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

ከመውረዳችን በፊት ሰማዩ ላይ ትልልቅ ንስሮች በክብ ሲዞሩ አየን። ክንፋቸውን አያርገበግቡም። ከመሬት በሚነሳው ሞቃት አየር ተንሳፍፈው ነው የሚጓዙት። ባሕር ላይ ያ አየር ስለማይገኝ ሰፊውን ትተው ቀይ ባሕርን በጠባቡ ቦታ፣ በባብ ኤል መንደብ በር ይሻገራሉ። አባቴ ዱካው ላይ ሆኖ አንጋጦ ቆጠራቸው። ሰባት ነበሩ።

አሁን ለምትሄዱ። ዋጋውን ከመጀመሪያው ቁርጥ አድርጎ ነገረን፣ በመጨረሻም አንዲት ብር አልጨመረም። አዛውንት ወይም ልጅ ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ መንገዱን በነሱ አቅም ነው የሚያወጣው። በጥቅምትና በኅዳር ሂዱ። ከነጋ በኋላ አትድረሱ፤ ሦስት ሰዓት ካለፈ ጀልባውም ሰዉም ይበዛል፣ ወፉ ይርቃል። ደማቅ ልብስ አትልበሱ። ሐይቅ ከተማ ገብታችሁ ጀልባ ማረፊያው ላይ "የወፉ ልጅ የት አለ?" በሉ።

አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ አላህ ይስጥልኝ። አባቴ ስልክ በደወልኩ ቁጥር ንስሮቹን ነው የሚያወራኝ። ማንጠልጠያው ተበጥሶ በጄሪካን ገመድ ያሰርከውን ባይናኩላር ለአባቴ ሰጥተህ ሁለት ቀን በባዶ ዓይንህ እንደዋልክ አይቻለሁ። አዲስ ገዝቼ ትናንት ደሴ ለሚመጣ ዘመድ ሰጥቻለሁ። የአክስቴ ልጅ ታደርስልሃለች። ካርቶኑ ውስጥ አባቴ የላከልህ ባለ 50 ሉክ ደብተርም አለ።