ክረምቱን ላሻገረችኝ ሲስተር

ሰላም የጎንደር ልጆች። እንኳን አደረሳችሁ። ይህን ምስጋና ለመጻፍ ከነሐሴ ጀምሮ ሳስብ ቆይቼ፣ ዛሬ ሥራ ረገብ ሲል ተቀመጥኩ።

አራዳ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእኛ ሥራ የሚደራው ክረምት ላይ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም አለ፣ የእንቁጣጣሽ ቀሚስ አለ። ከዘንድሮው በፊት በነበሩት ሦስት ክረምቶች ግን ሐምሌ ሲገባ አንድ ነገር ይጫጫነኝ ነበር። ከአልጋ መነሳት ዳገት ይሆንብኛል። የሰው ድምፅ ያስጠላኛል። ጨርቁ ይከመራል፣ ደንበኛ ይቆጣል፣ እኔ ዝም።

ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። አንዱ ጋ ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቄ ሦስት ደቂቃ አልቆየሁም። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ የእንቅልፍ ኪኒን ጻፈልኝ። ሌላው ቦታ የምርመራ ዓይነት አዘው ገንዘቤን ከጨረሱ በኋላ "ምንም የለብህም፣ ሐሳብ አታብዛ" ብለው ሸኙኝ። ምንም ከሌለብኝ ታዲያ ለምን አለቅሳለሁ? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ጎረቤቴ እጄን ይዞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወሰደኝ። ሰው እንዳያየኝ ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ነው የገባሁት። አንዲት ነርስ ወንበር ሳበችልኝና "ጋሼ፣ በየዓመቱ መቼ ነው የሚጀምርዎት? መቼስ ይለቅዎታል?" አለችኝ። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። "ሐምሌ ይይዘኛል፣ ለመስቀል ይለቀኛል" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ።

ድባቴ እንደሚባል፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ወቅት ጠብቆ እንደሚመጣ ነገረችኝ። በክረምታቸው ፀሐይ ገና በከሰዓት በምትጠልቅባቸው አገሮች የተለመደ ነው አለች። ስለ አንጎል ያስረዳችኝ ብዙው አልገባኝም። የጠዋት ብርሃን እንቅልፍን እንደሚያስተካክል ግን ገባኝ። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘልኝ። ጸበል እንደምጠመቅ ስነግራት "ጸበሉንም አይተዉ፣ መድኃኒቱንም አያቋርጡ" አለችኝ። እንዴት ደስ አለኝ!

በሳምንቱ ከሥራ ስትወጣ፣ በዚያ ዝናብ፣ ሱቄ ድረስ መጣች። ሱቄ ጠባብና ጨለማ ናት፤ የስፌት መኪናዬ ደግሞ ጥጉ ላይ ነበረች። "ጋሼ፣ ይቺን ወደ በሩ እናምጣት" ብላ ጃንጥላዋን ጥላ በአንድ በኩል ያዘች። ያ የብረት እግር እንዴት እንደሚከብድ ሰፊ የሆነ ያውቀዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ። አላፊ አግዳሚው ሰላም ይለኛል። ጠዋት ዝናቡ ሳይጀምር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድረስ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። ቀን አልተኛም። ዘንድሮ አንድም ዩኒፎርም አላሳደርኩም።

እባካችሁ፣ ክረምት ሲመጣ የሚከብዳችሁ ካላችሁ ሂዱ። አትፈሩ፣ አትፈሩ! በተለይ መኖር ካስጠላችሁ ለነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ ለሰው ተናገሩና ሂዱ። እኔም ያን ቀን አይቼዋለሁ።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ሲስተር፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ለመስቀል ቀሚስ ልስፋልሽ ብዬ ገንዘብ ካልተቀበልክ አላሰፋም ብለሻል። አልቀበልም። ልክሽን ላኪልኝ።