የ1884ቷ ካርሰን ሲቲ ዶላሬ፦ ቁጥሯ 63፣ ብርሃኗ ግን ሌላ

ይህችን የብር ዶላር በኢንተርኔት ጨረታ ከገዛኋት ወራት አልፈዋል። ስለ እሷ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ነገር ነው። በጨረታው ፎቶ ላይ ደብዝዛ፣ የተቀረጸባት ሴት ምስል ጉንጭ ተጫጭሮ የታየችው ሳንቲም እጄ ገብታ ከአንድ አምፑል ሥር ዘንበል ሳደርጋት ብርሃኑ ከመሃሏ እስከ ጠርዟ ተዘረጋና መሽከርከር ጀመረ። ወደ ግራ ሳዘነብላት ይከተላል፣ ስመልሳት አብሮ ይመለሳል። እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም።

ለማያውቃት ሰው፦ ሞርጋን ዶላር ትባላለች፤ ስሟን ያገኘችው ንድፏን ካወጣው ከጆርጅ ሞርጋን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 ተቀርጻለች። ክብደቷ 26.73 ግራም ሲሆን 90 በመቶው ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። የኔዋ በ1884 ኔቫዳ ውስጥ ካርሰን ሲቲ የተቀረጸች ናት። በጀርባዋ፣ ንስሩን ከከበበው የቅጠል ጉንጉን በታች ሁለት ደቃቅ «ሲ» ፊደላት አሉ። ሰብሳቢ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው እነሱን ነው።

«ብርቅ ናት» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑት። በዚያ ዓመት በካርሰን ሲቲ 1,136,000 ተቀርጸው ከ962,000 የሚበልጡት ገበያ ሳይወጡ የመንግሥት ግምጃ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ቀርተዋል። ከ1972 ጀምሮ ጂኤስኤ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እያንዳንዷን በፕላስቲክ አሽጎ ለሕዝብ በፖስታ ሸጣቸው፤ ለ1884ቷ የተቆረጠው መነሻ ዋጋ 30 ዶላር ነበር። ብርቅ የፈለገ የ1893ቱን የሳን ፍራንሲስኮ ይፈልግ፤ ከእሱ የተቀረጸው 100,000 ብቻ ነው። የኔዋ ዋጋዋ ሌላ ነው። በ1918 በወጣው ሕግ ከ270 ሚሊዮን በላይ የብር ዶላሮች ሲቀልጡ እሷ ተርፋለች፤ በማንም ኪስ ውስጥ ሳትፈተግም እስከኛ ደርሳለች። ዛሬም ያንኑ የመንግሥት ፕላስቲክ እንደለበሰች ናት፤ ኤንጂሲ የተባለው ደረጃ ሰጪ ድርጅት ደረጃዋን የጻፈበትን መጠቅለያ ከላይ አጥልቆባታል።

ደረጃዋ ኤምኤስ 63 ነው፤ ኤምኤስ ማለት ከመቅረጫው እንደወጣች ያለች ማለት ነው። ነገሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚች ቁጥር ነው። የአሜሪካ ሳንቲሞች ደረጃ ከ1 እስከ 70 ይሄዳል፤ ዊልያም ሼልደን በ1949 ያወጣው መለኪያ ነው። ከ60 ጀምሮ ያለው ለዝውውር ያልዋለ ማለት ነው። 63 ማለት ሳንቲሟ አዲስ ናት፣ ግን ዓይን የሚገቡ ጭረቶች አሉባት። 65 ሲሆን ጭረቱ ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ወደ ላይ ይዘላል።

ሻጮቹ እዚህ ላይ ነው የሚያሳድዷችሁ። «ወንድሜ፣ ትንሽ ጨምረህ 65 ብትይዝ አይሻልህም? 63 እኮ ማንም አይፈልገውም፤ ስትሸጠው ትቸገራለህ።» መልሴ አጭር ነው፤ የገዛሁት ለመሸጥ አይደለም። ለመሸጥ ቢሆን እንኳ ጭረቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው በቁጥር ብቻ አይደነግጥም። እነዚህ ዶላሮች ከመቅረጫው ሲወጡ ሺህ ሺህ እየሆኑ በጆንያ ይታሰሩ ነበር። ጆንያው በተነሳና በተጣለ ቁጥር እርስ በርስ ይጋጫሉ። የኔዋ ጉንጭ ላይ፣ ከዓይኗ ዝቅ ብሎ፣ አጫጭር ጭረቶች በእኩል ርቀት ተደርድረዋል፤ የማበጠሪያ ጥርስ ያረፈበት ይመስላል። ያን ያደረገው የጎረቤቷ ዶላር ጠርዝ ነው፤ የሞርጋን ጠርዝ ዙሪያውን ጥርስ ጥርስ ነውና። እኔ እንደ ጉድለት አላየውም። በዚያ ጆንያ ውስጥ እንደነበረች የሚመሰክር ምልክት ነው።

አሁን ወደ ፎቶው። 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን ሳንቲም ኮምፒውተር ላይ እንደ እንጀራ አስፍተው ያሳዩአችኋል፤ በዓይን ቀርበው የሚፈልጉት ጭረት ቁስል መስሎ ይታያል። ካሜራው ደግሞ በቀጥታ ከላይ ሆኖ፣ ከየአቅጣጫው በተበተነ ብርሃን ስለሚያነሳ ትልቁን ነገር ይገድለዋል። ያ የሚሽከረከር ብርሃን እንዲታይ መብራቱ አንድ መሆን አለበት፣ ሳንቲሟም መንቀሳቀስ አለባት። ሳንቲም ሲመታ ብሩ በግፊቱ ከመሃል ወደ ዳር ስለሚፈስ በገጹ ላይ እጅግ ደቃቅ መስመሮች ይቀራሉ፤ ብርሃኑን ይዘው የሚያዞሩት እነሱ ናቸው። የቆመ ፎቶ ይህን ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ በጨረታ የሚሳካለት ጭረቷ በፎቶ የማይጎላ ሳንቲም ነው፤ ብርሃኗ ሕያው የሆነችው ግን ጉንጯ ስለተጫረ ብቻ በርካሽ ታልፋለች። እኔን የጠቀመኝ ይህ ነው፤ ሌላም ሰው ቢጠቀምበት ደስ ይለኛል።

እነዚያ መስመሮች አንዴ ከጠፉ አይመለሱም። በአሲድ ደጋግሞ መንከር ያሟሟቸዋል፣ በጨርቅ ማሸት ይፍቃቸዋል። እኛ አገር ጠገራ ብር በአመድና በሎሚ ታሽቶ ነጭ ሲሆን ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ያበራል፣ ግን ብርሃኑ አይሄድም፣ ባለበት ይቆማል። የታጠበ ሞርጋንም እንደዚያው ነው። የጨረታ ካታሎግ «አንጸባራቂ» ብሎ የሚያቀርበው ብዙው እንዲህ ያለ ነው፤ በዚህ ቃል ላይ ከሻጮች ጋር መቼም አንስማማም። የሚያንጸባርቅ ሁሉ ያልተነካ አይደለም። ደረጃ ሰጪዎቹ የታጠበችን ሳንቲም ከለዩ ቁጥር አይሰጧትም፤ «የንድፏ ዝርዝር አልጠፋም፣ ግን የታጠበች ናት» ብለው ይጽፉባታል፣ ዋጋዋም ይወርዳል።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ጨረታ አቅራቢው ጨረታው በተዘጋበት ዋጋ ላይ 20 በመቶ የገዢ ኮሚሽን ጨመረብኝ፤ መላኪያና ኢንሹራንስ ለብቻ። ደንቡ ላይ ተጽፏል ይሉኛል፤ አዎ ተጽፏል፣ ነገር ግን ያን ያህል ገንዘብ ከሚወስድ ሰው ሳንቲሟን አዘንብሎ የሚያሳይ የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ መጠበቅ መብቴ ነው። ሁለት መስመር መግለጫና የሞተ ፎቶ አይበቃም። ፕላስቲኩም ቶሎ ይጫራል። መጀመሪያ ጭረቱን ከሳንቲሟ እስክለይ ድረስ አጉሊ መነጽር አስይዞኛል።

ከዚህ ውጭ የምለው ብዙ የለም። አትዝግም፣ እንክብካቤ አትጠይቅም፤ ደረቅ ቦታ ይበቃታል። ሌሊት ከሥራ ስገባ የጠረጴዛዬን መብራት ብቻ አብርቼ አያታለሁ። 65ቷን አይቻታለሁ፤ የአንድ ወዳጄ ናት። ጉንጯ ንጹሕ ነው፣ ብርሃኗ ግን ከኔዋ ይደክማል፤ ጎን ለጎን ስናደርጋቸው እሱም ዝም ብሎ አየ። ብትለውጠኝ ቢለኝ አልለውጥም።

ቀጥሎ የምፈልገው የ1883ቷን ካርሰን ሲቲ ነው፤ እሷም 63 ትበቃኛለች። ጨረታ አቅራቢው ቪዲዮ ካልላከልኝ ግን ዋጋ አልሰጥም።