ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ መናፈሻዎች፦ መኪና መከራየት ወይስ በሕዝብ ትራንስፖርት መጓዝ?

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ወስደው አንድነት ፓርክን፣ ወዳጅነት ፓርክንና እንጦጦ ፓርክን ለማሳየት የሚያስቡ የሐዋሳ ቤተሰቦችን ከሁሉ ቀድሞ የሚያከራክራቸው የመጓጓዣው ጉዳይ ነው። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚሽከረከረው በሁለት ዋጋዎች ዙሪያ ብቻ ነው፤ መኪና በቀን ስንት ይከራያል፣ የአውቶቡስ ትኬትስ ለአንድ ሰው ስንት ነው? ሁለቱን ዋጋ አጎራብቶ መወሰን ግን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ጉዞው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ ያለው 275 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ሲሆን ሁለተኛው አዲስ አበባ ከተገባ በኋላ ከማረፊያ ወደ መናፈሻ፣ ከመናፈሻ ወደ ማረፊያ የሚደረገው ምልልስ ነው። የኪራይ መኪና በመጀመሪያው ላይ የሚሰጠውን ጥቅም በሁለተኛው ላይ አይሰጥም፤ የቀን ኪራዩ ግን በሁለቱም ላይ እኩል ይቆጥራል።

መንገዱ ላይ

ከሐዋሳ ተነሥቶ በሻሸመኔ፣ በአርሲ ነገሌ፣ በባቱ፣ በመቂና በሞጆ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ በራሱ ለልጆች የሚታይ ብዙ ነገር አለበት፤ የኪራይ መኪና ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። አብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ በዚሁ መስመር ዳር ይገኛል፤ ጎራ ብሎ የሻላን ፍል ውኃ ማሳየት፣ ላንጋኖ ወርዶ ምሳ መብላት፣ ባቱ ላይ ቆሞ ዓሣ ማዘዝ የሚቻለው መሪውን የያዘው ሰው የእርስዎን ቃል ሲሰማ ብቻ ነው። አውቶቡስ የሚያርፈው ሹፌሩ ባመነበት ምግብ ቤት ነው፤ ትንሽ ልጅ ሽንቱ ሲመጣ ወይም ሲያስመልሰው ረዳቱን መለመን የሚያመጣውን መሳቀቅ ከልጅ ጋር የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። በመኪና የሚሄድ ቤተሰብ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ የሚነሣበትንም ሰዓት ራሱ ይወስናል።

ከሞጆ ሐዋሳ ድረስ የተነደፈው የፍጥነት መንገድ በአጠቃላይ 202 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሞጆ በመቂ እስከ ባቱ ያለው ክፍል በክፍያ የሚያገለግል ሲሆን ከሞጆ በኋላ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ይቀጥላል፤ እርሱም በክፍያ ነው። የኪራይ መኪና የያዘ ሰው ይህን ክፍያ ለመሄድም ለመመለስም ከኪሱ እንደሚያወጣ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። በነባሩ መንገድ የሚሄድ ደግሞ ከብት፣ ጋሪና ባጃጅ የሚጋፉባቸውን ከተሞች አንድ በአንድ እያቋረጠ ነው የሚጓዘው። መሪ የሚይዘው የቤተሰቡ አባት ከሆነና ልምዱ በሐዋሳ ሰፋፊና ሜዳማ መንገዶች የተወሰነ ከሆነ፣ በዚህ መስመር ላይ በተለይ ከመሸ በኋላ መንዳቱን አልመክርም።

በሕዝብ ትራንስፖርት በኩል ያለው ምርጫ በመሠረቱ ሦስት ነው። መቀመጫው በቁጥር የተለየና ትኬቱ አስቀድሞ የሚሸጥ ትልቅ አውቶቡስ፣ ቅጥቅጥ የሚባለው መካከለኛ አውቶቡስ እና ሲሞላ የሚነሣው ሚኒባስ። ሦስቱን በአንድ ስም ጠቅልሎ «ትራንስፖርት» ማለት ፍርዱን ያዛባል። ትልቁ አውቶቡስ ማለዳ ተነሥቶ እንደ መንገዱ ሁኔታ ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት በሚፈጅ ጉዞ ያደርሳል፤ ሻንጣ የሚገባበት ቦታ አለው፤ መቀመጫውም ልጅ ተኝቶ ሊሄድበት የሚችል ነው። ሚኒባሱ ፈጣን ነው ይባላል፤ ፍጥነቱ ግን ለእኔ ከጥቅሙ ይልቅ ስጋቱ ይጎላብኛል። ቶሎ ደርሶ ሌላ ጭነት ለመያዝ የሚቸኩል ሹፌር፣ በትርፍ የተጫነ መቀመጫና ጉልበት ላይ የተቀመጠ ልጅ አንድ ላይ ሲሆኑ፣ የሚቆጠበው አንድ ሰዓት የሚያወላዳ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች «አውቶቡስ» የምለው ትልቁን ነው። በእርሱም ቢሆን ልጅን አቅፎ የአንድ ሰው ሒሳብ ለማዳን መሞከር የሚያዋጣው ሕፃን ለሆነ ልጅ ብቻ ነው፤ አምስትና ስድስት ዓመት ለሞላው የራሱን መቀመጫ መግዛት ይሻላል።

ወጪውን ለማስላት

የነዳጅም የኪራይም ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የብር መጠን ከመጥቀስ ይልቅ ስሌቱን ማሳየት የሚሻል ይመስለኛል፤ አንባቢ የዕለቱን ዋጋ ጠይቆ ራሱ ያስገባበታል። ጉዞው አራት ቀን ነው እንበል፤ አንድ ቀን ለመሄድ፣ ሁለት ቀን ለመናፈሻዎቹ፣ አንድ ቀን ለመመለስ። ደርሶ መልሱ 550 ኪሎ ሜትር ነው፤ የከተማው ምልልስ 100 ኪሎ ሜትር ቢጨመርበት 650 ይሆናል። አነስተኛ የቤት መኪና በአንድ ሊትር 12 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 54 ሊትር ገደማ፣ ሚኒባስ ደግሞ በአንድ ሊትር 9 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 72 ሊትር ገደማ ነዳጅ ይፈልጋል። በዚህ ላይ የአራት ቀን ኪራይ፣ ሹፌር ካለ የአራት ቀን አበልና የሦስት ሌሊት ማደሪያው፣ የፍጥነት መንገዱ ክፍያ እና የፓርኪንግ ሒሳብ ይደመራል። ብዙ ሰው የሚረሳው የሹፌሩን አበልና ማደሪያ ነው፤ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ደግሞ ጭቅጭቅ የሚነሣው በመጨረሻው ቀን ነው።

በአውቶቡስ የሚሄድ ቤተሰብ የሚያሰላው የሰው ቁጥር በሁለት ትኬት ተባዝቶ፣ የከተማው ታክሲ ተጨምሮበት ነው። እዚህ ላይ የሁለቱ አማራጮች ባሕርይ ይለያያል። የአውቶቡሱ ወጪ በሰው ብዛት ይጨምራል፤ የመኪናው ወጪ ግን ሦስት ሰው ቢሳፈርበትም አሥር ሰው ቢሳፈርበትም ብዙም አይለወጥም። ስለሆነም ሁለት ወላጆችና ሁለት ልጆች ለሆነ ቤተሰብ የኪራይ መኪና በገንዘብ በኩል የሚያዋጣበት አጋጣሚ እምብዛም ነው። ሁለት ቤተሰብ ተስማምቶ፣ ስምንትና አሥር ሰው ሆኖ ሚኒባስ ከነሹፌሩ ሲከራይ ግን ስሌቱ ይገለበጣል፤ በነፍስ ወከፍ የሚደርሰው ወደ አውቶቡሱ ዋጋ ሊጠጋ ይችላል፣ መንገድ ላይ የመቆም ነፃነቱም ይገኛል።

አዲስ አበባ ውስጥ

የኪራይ መኪናው ዋጋ የሚያጣው ከተማው ውስጥ ነው። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው፤ ወዳጅነት ፓርክም ሆነ በ2015 ዓ.ም. የተመረቀው ሳይንስ ሙዚየም ከእርሱ ብዙ አይርቁም። ነገሥታቱ የተቀመጡባቸውን አዳራሾችና የእንስሳት ማቆያውን ለማየት ግማሽ ቀን ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ወዳጅነት ፓርክ ለመሄድ መኪና ማስነሣት አያስፈልግም። ይህ ማለት በቀን ኪራይ የተያዘው መኪና፣ ሹፌሩም አበሉ እየታሰበለት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ይውላል ማለት ነው። ፓርኪንግ የማግኘቱ ጣጣ ሳይቆጠር ነው ይህ። በአንጻሩ በአፕሊኬሽን የሚጠሩት ታክሲዎች፣ ራይድ፣ ፈረስ፣ ያንጎና ሌሎቹ፣ በር ላይ አድርሰው ይሄዳሉ። አንድ የቤት መኪና አራት ተሳፋሪ ብቻ እንደሚይዝ ግን መታወስ አለበት፤ ስድስት ሰው የሆነ ቤተሰብ በየጉዞው ሁለት ታክሲ ይጠራል።

በቀላል ባቡሩ ስለ መጠቀም የሚጠይቁ አሉ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ይህ ባቡር ከሁለቱ መስመሮቹ አንዱ ከቃሊቲ ወደ መሐል ከተማ የሚገባ በመሆኑ ቃሊቲ መናኸሪያ ለሚወርድ የሐዋሳ ተጓዥ የተመቸ ይመስላል። ሻንጣ ለሌለውና የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላልሆነበት መንገደኛ መልካም ነው፤ ሦስት ልጅና አራት ሻንጣ ይዞ በተጨናነቀ ባቡር መሳፈር ግን የሚሞከር አይደለም። የከተማው ሚኒባስ ታክሲም እንዲሁ ነው። ባጃጅ እጅ ዘርግቶ ማስቆም የለመደ የሐዋሳ ልጅ በማታው የታክሲ ሰልፍ ላይ ለረጅም ጊዜ መቆሙ አይገባውም፤ እውነት ለመናገር ለአዋቂውም አይገባውም።

እንጦጦ ግን ለብቻው ይታያል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ፓርክ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ባለ ተራራ ላይ የተዘረጋ ነው፤ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የልጆቹ ሹራብ ሊረሳ አይገባም። በሕዝብ ትራንስፖርት እስከ ሽሮ ሜዳ መድረስ አያስቸግርም፤ ከዚያ በላይ ያለው ዳገት በሌላ መኪና ይወጣል። ሲወጡ ታክሲ መጥራት ቀላል ሲሆን ሲመለሱ ግን፣ በተለይ ወደ ማምሻው፣ ተራራው ላይ የሚመጣ መኪና ለማግኘት መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ፓርኩ ውስጡም ሰፊ ነው፤ ከፈረስ ግልቢያው ወደ ልጆች መጫወቻው፣ ከዚያ ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ለመሄድ የሚደክም ልጅ ወይም አረጋዊ ካለ መኪና ያስፈልጋል። ስለዚህ የእንጦጦው ቀን ብቻ፣ ለአንድ ቀን ወይም ለግማሽ ቀን፣ መኪና ከነሹፌሩ በኮንትራት መያዝ ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም። ከወቅቶቹ ደግሞ ሁለቱን እንዲጠነቀቁ አሳስባለሁ። በክረምት ተራራው ጉምና ዝናብ ስለሚበዛበት የልጆቹ ቀን ይበላሻል። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ጥር 10 እና 11 ታቦታት ወደ ጃን ሜዳ ስለሚወርዱና ስለሚመለሱ በስድስት ኪሎ አካባቢ ያሉ መንገዶች ይዘጋሉ፤ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣውም መንገድ በዚያው ነው። በዚያ ሰሞን የአውቶቡስ ትኬትም ቀደም ብሎ ካልተያዘ አይገኝም።

የሚከራይ ሰው የሚጠይቀው

ሐዋሳም ሆነ አዲስ አበባ መኪና የሚከራይ ሰው በመጀመሪያ ሰሌዳውን ይመልከት። ለኪራይ የሚሠራ መኪና ኮድ 3 መሆን አለበት። ኮድ 2 የሆነ የግል መኪና በትውውቅ ረከስ ባለ ዋጋ ይገኛል፤ ይሁን እንጂ ለግል አገልግሎት የተገባ ኢንሹራንስ በኪራይ ላይ ለደረሰ ጉዳት ክርክር ያስነሣል፤ ዕዳውም በተከራዩ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት እያንዳንዱ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን ዋስትና ሊኖረው ግዴታ ነው፤ ይህ ዋስትና ግን የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እንጂ የተከራዩትን መኪና መጠገኛ አይደለም። ስለዚህ «ኢንሹራንስ አለው» የሚለው መልስ በቂ አይደለም፤ ሙሉ ኢንሹራንስ መሆኑ፣ ጉዳት ቢደርስ ተከራዩ የሚከፍለው ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ መኪናው ከከተማ ውጭ እንዲወጣ የተፈቀደ መሆኑ በውሉ ላይ ይጻፍ። የቀን የኪሎ ሜትር ገደብ ካለም ሊታይ ይገባል፤ በቀን 100 ኪሎ ሜትር የተገደበ ውል ሐዋሳና አዲስ አበባን ለሚያገናኝ ተጓዥ የመጀመሪያውን ቀን እንኳ አያደርስም። ሲረከቡ የመኪናውን አራቱንም ወገን፣ የነዳጁን ልክና ትርፍ ጎማውን በስልክ ፎቶ ማንሣት ማስያዣ ሲመለስ ከሚነሣ ክርክር ያድናል።

ማን የትኛውን ይምረጥ?

ከአራት እስከ አምስት ሰው ለሆነና መናፈሻዎቹን ለማየት ብቻ ለሚሄድ ቤተሰብ ምርጫዬ አሻሚ አይደለም፦ በትልቅ አውቶቡስ መሄድና መመለስ፣ ማረፊያን በተቻለ መጠን ለአራት ኪሎ ቀረብ አድርጎ መያዝ፣ ከተማ ውስጥ በአፕሊኬሽን ታክሲ መንቀሳቀስ፣ ለእንጦጦ ብቻ መኪና በኮንትራት መያዝ። ላንጋኖንና ሻላን የጉዞው አካል ማድረግ ለሚፈልግ፣ ወይም ሁለት ቤተሰብ ሆኖ ለሚሄድ፣ ሚኒባስ ከነሹፌሩ መከራየት ይሻላል። ይህ ቡድን ከተማው ውስጥ የሚውልበትን ቀን የሚያሳጥርበት ዘዴም አለ፤ አንዳንድ አከራዮች አድርሶ ተመልሶ፣ ኋላ ደግሞ መጥቶ በመውሰድ ይስማማሉና ይህን አስቀድሞ ጠይቆ በመካከል ከሚቆምበት ቀን ኪራይና አበል ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ባዶውን ለሚመለስበት ነዳጅ ማን እንደሚከፍል ጭምር።

አያት ወይም መራመድ የሚያስቸግረው ሰው አብሮ የሚሄድ ከሆነ ግን ከላይ ያለውን የወጪ ስሌት ወደ ጎን እተወዋለሁ። ማለዳ መናኸሪያ መጋፋት፣ የአውቶቡስ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ቃሊቲ ላይ ደግሞ እንደገና መኪና መፈለግ ለእነርሱ ትኬቱ የሚያተርፈውን ያህል ገንዘብ የሚገባው ድካም አይደለም። እናት ወይም አያት እንጦጦ ማርያምን ለመሳለም አብረው የሚወጡ ከሆነ፣ አብሯቸው የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም እንኳ መኪናውን ከሐዋሳ ጀምሮ ይከራይ።