ካምቢዮ ሳይወርድ «ተቀየረ» ለሚባል የኋላ ኦልሲል ገንዘብ አትክፈሉ

ጅማና አካባቢዋ የናፍጣ መኪና የምታሽከረክሩ ወይም የምታሠሩ ወገኖቼ፣ ይህን ማስጠንቀቂያ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የሞተራችሁ የኋላ ኦልሲል (የሞተር ዘይት በኋላ በኩል እንዳይወጣ የሚከለክለው ቀለበት) ዘይት ማፍሰስ ጀምሮ አንድ ጋራዥ «ከሌላው በግማሽ ዋጋ እንሠራላችኋለን» ካላችሁ፣ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይወርዳል ወይስ አይወርድም? «ማውረድ አያስፈልግም፣ እኛ ዘዴ አለን» ካሉ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። እንደ ዶልፊን፣ አባዱላ፣ ሃይሉክስና አይሱዙ ባሉ መኪኖች ላይ እንዲህ ያለ ዘዴ የለም። «እናወርዳለን» ካሉም ሲወርድ በዓይናችሁ እዩ። እኔን ያታለሉኝ «አውርደናል» ብለው ነው።

ነገሩ ግልጽ የሚሆነው የኦልሲሉን ቦታ ስታውቁ ነው። ኮሎው፣ ማለትም የፒስተኖቹን ግፊት ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ዋናው ዘንግ፣ በኋላ ጫፉ ከሞተሩ ብቅ ብሎ ቮላኖ የሚባለውን ከባድ ክብ ብረት ይሸከማል። ብቅ በሚልበት ክብ ቀዳዳ ዙሪያ ከንፈር ያለው ቀለበት ይቀመጣል፤ ኦልሲሉ እሱ ነው። ከንፈሩ የሚሽከረከረውን ዘንግ አቅፎ ዘይቱ እንዳያመልጥ ይከለክላል። ከኦልሲሉ ኋላ ቮላኖው፣ ከቮላኖው ኋላ የፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያያይዘውና የሚለየው ክፍል) ሸራና ሸራውን የሚጫነው ሳህን፣ ከዚያ ኋላ ካምቢዮው አለ። ሌላ መግቢያ የለም። ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚወስደው ዘንግ ይፈታል፣ ካምቢዮው ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑ ይነሳል፣ ቮላኖው ይፈታል፤ አሮጌው ኦልሲል የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ቀለበቱ ራሱ ርካሽ ዕቃ ነው። የምትከፍሉት ለመፍታቱና መልሶ ለመግጠሙ ድካም ነው፤ አጭበርባሪው የሚሰርቃችሁም ይህንኑ ድካም ነው።

የእኔ መኪና 5ኤል ሞተር የተገጠመለት፣ ከጅማ አጋሮ ሰው የሚያመላልስ ቶዮታ ሚኒባስ ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር ዘይት ይንጠባጠብ ጀመር። የወሰድኩበት ጋራዥ ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል አቅርቤዋለሁ። ሠራተኞቹ «ካምቢዮ አውርደን ኦሪጅናል ኦልሲል ገጥመናል» ብለው የዕቃውንም የእጁንም ዋጋ ሙሉ ተቀበሉኝ። መንጠባጠቡ በእርግጥ ቆመ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሰው ጭኜ ስሄድ፣ የግቤን ሸለቆ ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተት ነበር፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ተሳፋሪውን ሁሉ አስጨነቀው። በዚያ ዳገት ላይ ሙሉ ሰው ይዞ መኪና እምቢ ሲል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እስካሁን የሚያናድደኝም ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው፤ ከኋላዬ እናቶችና ሕፃናት ተቀምጠው ነበር።

ስመለስ ሌላ መካኒክ መኪናውን ጉድጓድ ላይ አውጥቶ ከሥር መብራት አበራልኝ። ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ላይ የደረቀ አሮጌ ጭቃና ዝገት እንዳለ ነው፤ መፍቻ የነካው አንድም ብሎን አልነበረም። በመጋጠሚያው ሥር የነበረችው ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ በሲሊኮን ተደፍናለች። ይህች ቀዳዳ የተሠራችው አንድ ነገር ካፈሰሰ ዘይቱ ወደ ፍሪሲዮኑ ሳይሄድ ወደ ውጭ እንዲወጣ ነው። እነሱ ደፍነው «ቆመ» አሉኝ። ዘይቱ መውጫ ሲያጣ ውስጥ ተጠራቀመ፣ ቮላኖው እያዞረ ረጨው፣ ሸራውም ጠጣው። ካምቢዮው በእኔ ፊት ሲወርድ አሮጌው ኦልሲል እንደ ፕላስቲክ ደርቆና ተሰነጣጥቆ በቦታው ተቀምጦ አገኘነው። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ ስለማይድን አዲስ ገዛሁ። ሁሉንም ፎቶ አንስቻለሁ።

ሌላም ማታለያ አለ። የሞተር ዘይት ውስጥ የሚጨመር «ማፍሰስ የሚያቆም» ፈሳሽ በየመለዋወጫ መደብሩ ይሸጣል። የኦልሲሉን ጎማ ያሳብጠዋልና ለጊዜው ፍሰቱን ሊቀንስ ይችላል። የደረቀን፣ የተሰነጠቀን ወይም የተበላን ከንፈር ግን አይመልስም። ፈሳሹን ጨምሮ የኦልሲል መቀየሪያ ዋጋ የሚያስከፍል ሰው የሚቆጥረው እናንተ ከግቢው እስክትወጡ ያለውን ጊዜ ብቻ ነው።

ሐቀኛ መካኒክ ብታገኙም ገንዘባችሁ ከንቱ የሚቀርበት መንገድ አለ፤ የሚያፈሰው የኋላ ኦልሲሉ ላይሆን ይችላል። ዘይት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ በሞተሩ አናት ካለው የባልቦላ ክዳን ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያ መሃል ገብቶ ዘይት የሚከለክለው)፣ ከዘይት ግፊት ጠቋሚው፣ ከዘይት ማጣሪያው መቀመጫ ወይም ከኮፓው (በሞተሩ ሥር ካለው የዘይት መያዣ) ጠርዝ የወጣ ዘይት ሁሉ በመጨረሻ እዚያው መጋጠሚያ ላይ ይጠራቀማል። እንደ እኔ 5ኤል ባሉ የቶዮታ ኤል ሞተሮች ላይ ከዲናሞው ኋላ የተያያዘው የፍሬን ቫኪዩም ፓምፕም (ፍሬን ሲረገጥ እንዲቀል አየር የሚመጥጠው) የሞተር ዘይት ይጠቀማል፤ ቱቦው ሲላላ ማንም ሳይጠረጥረው ሞተሩን ያለብሰዋል። ሞተሩ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ትንሽ ይነዳ፣ ከዚያ ከላይ ጀምሮ በመብራት ይታይ። የዘይቱንም ዓይነት ለዩ፦ የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥቁር ነው፤ የካምቢዮ ዘይት ግን ነጣ ያለና የድኝ ዓይነት ሽታ ያለው ነው። የወረደው የካምቢዮ ዘይት ከሆነ ጥፋቱ የካምቢዮው የፊት ኦልሲል ነው፤ የሞተሩን መቀየር ምንም አይፈይድም።

ኦልሲሉ ራሱ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደተበላሸ ካልተጠየቀ አዲሱም ይፈሳል። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን አላሉት። ትንሽ ጭስ መውጣቱ የናፍጣ ሞተር ባሕርይ ነው። ክዳኑ እንደሚፈላ ድስት ክዳን የሚዘልል ከሆነ ግን ወይ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ተደፍኗል፣ ወይም የፒስተን ቀለበቶች አርጅተው የቃጠሎው ግፊት ወደ ታች እያለፈ ነው። ያ ግፊት መውጫ ሲያጣ ኦልሲሉን እየገፋ ዘይቱን ያስወጣል። መተንፈሻውን ማጽዳት ከኦልሲል ሥራ ጋር ሲነጻጸር ምንም ወጪ የለውም፤ መቅደም ያለበትም እሱ ነው።

ካምቢዮው ወርዶ ቮላኖው ሲነሳ እዚያው ቁሙ፤ «ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ» ቢሏችሁም ቁሙ። አሮጌው ኦልሲል ከወጣ በኋላ ከንፈሩ ያረፈበትን የዘንጉን ገጽ በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱ ኦልሲል እዚያው መስመር ላይ ከተቀመጠ መያዝ አይችልም። ወይ ጥቂት ገባ ወይም ወጣ ተደርጎ ያልተበላ ቦታ ላይ ያርፋል፣ ወይም ለዚሁ የሚሠራ ቀጭን የብረት እጅጌ ዘንጉ ላይ ይለበሳል። ኮሎው ወደ ላይና ወደ ታች የሚነቃነቅ ከሆነ ደግሞ ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ኩሽኔታዎች አልቀዋል ማለት ነውና የትኛውም ኦልሲል ዘይቱን አይይዝም፤ ይህን ደብቆ ኦልሲል የሚገጥምላችሁ ሰው ሁለተኛ ሊያስከፍላችሁ ነው።

አዲሱ ኦልሲል በመዶሻና በካቻቢቴ እየተወቀረ መግባት የለበትም። ዙሪያውን እኩል በሚገፋ ነገር፣ ሳያጋድል ይገባል። ከንፈሩ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል፣ ከንፈሩን የሚያጠብቀው ቀጭን ስፕሪንግም ከቦታው መውጣት የለበትም። የጎማ ኦልሲል ከንፈሩ ግሪስ ወይም ዘይት ይቀባል። በአንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ያለው የቴፍሎን ዓይነት ግን ደረቁን ነው የሚገጠመው፤ ሲገጠም ከንፈሩን ዘይት ከነካው በደንብ ላይይዝ ይችላል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ በማሸጊያው ላይ ይነበብ። የቮላኖው ብሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ የጥብቀቱን መጠን በሚለካ ቶርክ መፍቻ ይጠበቁ። ካምቢዮው ወርዶ ሳለ ሸራው ካለቀ ወይም ዘይት ከነካው አብሮ ይቀየር፤ ለእሱ ሲባል ዳግመኛ ማውረድ ኪሳራ ነው።

አሮጌውን ኦልሲል ተረከቡ። ደረሰኙ ላይ «ጥገና» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፤ «ካምቢዮ ወርዶ የኋላ ኦልሲል ተቀይሯል» ይባል፣ የዕቃውና የእጁ ዋጋ ይለያይ። ሊጽፍ የማይፈልግ ሰው ካጋጠማችሁ ሥራው ሳይጀመር ተለያዩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ሳይሠሩ «ሠራን» ማለት ይህን መብት መንጠቅ ነው። እኔ ደረሰኙን፣ ያልተፈቱትን ብሎኖች ፎቶና የወጣውን አሮጌ ኦልሲል ይዤ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቻለሁ። ጅማ ውስጥ የኋላ ኦልሲል «አስቀይራችሁ» መፍሰሱ የተመለሰባችሁ ካላችሁ፣ ከማሳጠባችሁ በፊት የካምቢዮውን ብሎኖች በመብራት አስፈትሹ፣ ጭቃው እንዳለ ከሆነ ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኛችሁንም ይዛችሁ አመልክቱ።