ኮምፔንሳቶ፣ ጣውላ ወይስ ላሜራ? ጅማ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ በቤቱ ለሚሠራ ሰው

ጅማ ተቀምጦ ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ በእጁ ለመሥራት ያሰበ ሰው ገበያ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ጀልባው የሚያድረው የት ነው? ውሃ ዳር ታስሮ ነው ወይስ ግቢ ውስጥ ተገልብጦ? ስለ ጥንካሬና ስለ ዋጋ ብዙ ይወጣል ይወርዳል፤ ይህችኛዋ ግን ትረሳለች። ከጅማ ተነስቶ ጀልባ ሊወርድበት የሚችለው ሰፊ ውሃ የግልገል ግቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፤ በአዲስ አበባ መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ቅርብ ያለው የቦዬ ረግረግ የጉማሬ ቤት ስለሆነ ለትንሽ ጀልባ አይሆንም። ስለዚህ ለመዝናኛ የሚሠራ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ ግቢ ውስጥ ነው የሚከርመው፤ ወደ ውሃ የሚሄደውም መኪና ላይ ተጭኖ ነው።

ሦስቱን ዕቃዎች በአንድ ሚዛን ለማየት አንድ ዓይነት ጀልባ እንውሰድ። ርዝመቱ 3.8 ሜትር፣ ወለሉ ጠፍጣፋና 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ጎኑ 45 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው፣ ፊቱም ኋላውም በሰሌዳ የሚዘጋ፣ ሁለት ሰው ከነዕቃው የሚይዝ። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ ቅርጽ የለም። በኮምፔንሳቶ ቢሠራ ወደ 60 ኪሎ ይመዝናል። በጣውላ ሲደርቅ ከ100 እስከ 110 ኪሎ፣ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ከ130 በላይ ይሆናል። በ1.5 ሚሊሜትር ላሜራ 115 ኪሎ አካባቢ ነው።

ይህን ያህል ስፋት ያለው ወለል አንድ ሴንቲሜትር ለመስመጥ ከ30 ኪሎ በላይ ይፈልጋል። የላሜራውና የኮምፔንሳቶው ልዩነት ውሃ ላይ ከሁለት ሴንቲሜትር አይበልጥም ማለት ነው። ክብደቱ የሚሰማው መሬት ላይ ነው፦ 60 ኪሎውን ሁለት ሰው አንስቶ ፖርቶ መጋላ ላይ ያወጣዋል፤ ሌሎቹ አራት ሰው ወይም የአይሱዙ ጀርባ ይፈልጋሉ።

ኮምፔንሳቶ

ለዚህ ጀልባ አራት ሉህ ይበቃል፤ ባለ 122 በ244 ሴንቲሜትር ሆኖ ሁለቱ 9 ሚሊሜትር ለወለል፣ ሁለቱ 6 ሚሊሜትር ለጎን። ከ6 ሚሊሜትሩ እያንዳንዱ ሉህ 45 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ይሰጣል፤ የተረፈው ለመቀመጫና ለማዕዘን ድጋፍ ይሆናል።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ሱቅ ውስጥ ነው። በግንባታ ዕቃ ሱቆች «ማሪን» የሚባለው ብዙ ጊዜ ለኮንክሪት ፎርምወርክ የሚሆነው ባለ 18 ሚሊሜትር፣ ጥቁር ወይም ቡናማ የሚያብረቀርቅ ፊት ያለው ሉህ ነው። ማጣበቂያው ውሃ ይችላል፤ ክብደቱ ግን አንዱ ሉህ ብቻ ከ30 ኪሎ ያላነሰ ነው፤ የሚያብረቀርቀው ፊቱም ሬዚን (ተቀብቶ ሲደርቅ የሚጠነክር ማጣበቂያ ፈሳሽ) አይዝም፤ ሙሉ በሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ የተለጠፈው ሁሉ እንደ ስቲከር ይላቀቃል። ለጀልባ የሚሆነው እውነተኛው ማሪን ቢኤስ 1088 የሚል ምልክት አለው። እሱ ካልተገኘ የውጭ ማጣበቂያ ያለው ተራ ኮምፔንሳቶ ይሠራል፤ ግን ይፈተን።

ፈተናው ቀላል ነው። ከሻጩ 10 በ10 ሴንቲሜትር የምትሆን ቁራጭ ይጠይቁ። ድስት ውስጥ ድንጋይ ተጭኖባት አንድ ሰዓት ትፍላ፣ ጥላ ውስጥ ትድረቅ፣ እንደገና ትፍላ። ከዚያ የቢላ ጫፍ በንብርብሩ መሃል አስገብተው ይፈልቅቁ። የሚሰነጠቀው እንጨቱ ራሱ ከሆነና ቃጫው ተቀዳዶ ከወጣ ማጣበቂያው ጥሩ ነው። ንብርብሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ንጹሕ ሆኖ ከተላጠ የቁም ሳጥን ዕቃ ነው፤ በአንድ ክረምት ያብጣል። የሉሁን ጠርዝም ዙሪያውን ይዩ፦ ጥቁር ቀዳዳ ካለ በውስጡ ባዶ ቦታ አለ፤ ጎኑ ሲታጠፍ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ለመቀመጫም ቢሆን አይግቡ።

ሉሁ ከጀልባው ስለሚያጥር ሁለቱ ይቀጠላሉ። ጫፋቸው የውፍረቱን ስምንት እጥፍ ያህል ተዳፋት ሆኖ በመላጊያ ይላጋል፤ ለ6 ሚሊሜትር 5 ሴንቲሜትር፣ ለ9 ሚሊሜትር 7 ሴንቲሜትር። ከዚያ አንዱ በአንዱ ላይ ይጣበቃል። አፍ ለአፍ ገጥሞ ከኋላ ቁራጭ መለጠፍም ይቻላል፤ ለወለሉ ምንም አይልም። ለጎኑ ግን አይመከርም፤ ድርቡ ቦታ አልታጠፍ ስለሚል ጀልባው ወገቡ ላይ ይሰበራል።

የተቆረጡት ሰሌዳዎች በሽቦ ይሰፋሉ። ከጠርዙ 1 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ በየ10 ሴንቲሜትሩ 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳል። የፌሮ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ ይሠራል፤ ግን አንድም ሳይቀር መውጣት አለበት፤ ውስጥ ከቀረ ዝጎ ሬዚኑን ይሰነጥቃል። የ1.5 ካሬ የኤሌክትሪክ ገመድ ተልጦ የሚወጣው መዳብ ይሻላል፤ በፒንሳ ሲጠመዘዝ ቶሎ አይበጠስም፣ ውስጥ ቢቀርም እንደ ብረት አይዝግም። ስፌቱ ሲያልቅ ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱንም ዲያጎናል በሜትር ይለኩ። ልዩነቱ ከ5 ሚሊሜትር ካለፈ ሽቦው ላልቶ ይስተካከል። ሬዚን ከነካው በኋላ የተጣመመ ጀልባ አይቃናም፤ ዕድሜውን በሙሉ ወደ አንድ ወገን ሲስብ ይኖራል።

ሬዚኑ ላይ ገንዘብ አይቆጠብ። ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ታንከርና የመኪና አካል የሚጠገንበት ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ከእንጨት ጋር ያለው ፍቅር አጭር ነው፤ እንጨቱ እርጥበት በተነፈሰ ቁጥር ጠርዙ ይነሳል። ሌላኛው የሬዚን ዓይነት፣ ኢፖክሲ፣ ዋጋው ይወደዳል፤ የኮምፔንሳቶ ጀልባ ወጪ ትልቁ ክፍልም እሱ ነው፤ ግን እንጨቱን ይዞ ይቀራል። ለዚህ ጀልባ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ኢፖክሲና 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ፋይበር ግላስ ጥብጣብ 25 ሜትር ያህል ይያዝ። ጨርቁ የተሸመነ ይሁን። የተበተነ ቃጫ ተጣብቆ የተሠራው ማት ለፖሊስተር ነው፤ ቃጫውን የያዘው ማያያዣ በኢፖክሲ ውስጥ ስለማይሟሟ በደንብ አይርስም።

የሁለቱ አቀላቀልም ይለያያል፤ ብዙ ዕቃ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ለ1 ኪሎ ፖሊስተር ከ10 እስከ 20 ግራም ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ይገባል፤ ቀኑ ሲቀዘቅዝ ጨመር፣ ሲሞቅ ቀነስ ይደረጋል። ያን ልማድ ይዞ ኢፖክሲ ላይ «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብሎ ሃርድነር የጨመረ ሰው ለዘለዓለም የሚጣበቅ እጅ የሚያቆሽሽ ንጣፍ ያገኛል፤ መድኃኒቱም ፍቆ ማውጣት ብቻ ነው። የኢፖክሲ ልክ ጣሳው ላይ የተጻፈው ነው። ልኩ በክብደት ነው ወይስ በይዘት የሚለውንም ያንብቡ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ግማሽ ኪሎ በአንድ ጣሳ ቀላቅሎ ማስቀመጥም አደጋ አለው፤ በራሱ ሙቀት ግሎ ይጨሳል፣ ጣሳውን ያቀልጣል። ትንሽ ትንሽ ይቀላቀል፣ ወዲያው ሰፋ ባለ ሳህን ላይ ይፍሰስ። ለማዕዘኑ መሙያ በወንፊት የተነፋ ደቃቅ የመጋዝ ዱቄት ይገባበታል፤ ማንኪያ ላይ ቆሞ የማይንጠባጠብ ሲሆን ልክ ነው።

የጅማ አየር እዚህ ላይ ራሱን ያስቆጥራል። በእርጥብ አየር የደረቀ ኢፖክሲ ፊቱ ላይ ሰም የመሰለ ቅባት ያወጣል። ቅባቱ በሳሙናና በውሃ ሳይታጠብ የሚቀጥለው እጅ ከተቀባ አይዝም። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ደግሞ ቅባቱን ይባስ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይፋቅ። ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ይያዝ። የመጀመሪያው እጅ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር ይቀባ። ጠዋት ከተቀባ ፀሐዩ እየበረታ ሲሄድ እንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ተለጥጦ ይወጣና ንጣፉን በአረፋ ይሞላዋል። ኢፖክሲ ፀሐይ ስለማይችል በመጨረሻ የውጭ ቀለም ይደረብበታል።

ጣውላ

ጅማ በበርጩማዋና በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ጣውላ የሚያውቅ እጅ አይታጣም። ዋንዛ ለጀልባ እጅግ ጥሩ እንጨት ነው፦ ለክብደቱ ጠንካራ ነው፣ ምስጥም ብስባሴም ቶሎ አይደፍረውም። ነገር ግን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ በቀድሞው የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በስም የተጠቀሱ ዛፎች ነበሩ። ደረሰኝ ከማይሰጥ ሰው አይግዙ። የፈረንጅ ጥድ ከተተከለ ደን የሚመጣ፣ ቀላልና በቀላሉ የሚላግ በመሆኑ ከሁሉ የተሻለ አማራጭ ነው። ግራቪሊያ ለመቀመጫና ለውስጥ ድጋፍ ይሆናል። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጠማዘዝና ስለሚሰነጠቅ ለወለል አይግባ።

ወለሉ 2.2 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው ጣውላ አግድም ይደረደራል፤ የአንዱ ስፋት ከ15 ሴንቲሜትር አይለፍ። በመሃሉ የጥጥ ክር በመሮ ይጠቀጠቃል፣ ሬንጅ ይደረብበታል። ጀልባው ውሃ ውስጥ ሲያድር እያንዳንዱ ጣውላ እስከ 4 ሚሊሜትር ያብጥና ራሱ ይዘጋል። ጥበቡ ይኸው ነው፤ ለእኛ ግን ችግሩም ይኸው ነው። ሁለት ሳምንት ግቢ ውስጥ ፀሐይ የመታው ጀልባ ያንኑ 4 ሚሊሜትር መልሶ ይከፍታል። ሐይቅ ላይ በደረሱ ቁጥር አንድ ሌሊት ካልተዘፈዘፈ ይፈሳል። በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ማቆየት ይረዳል። በላዩ ፋይበር ግላስ ማልበስ ግን አይረዳም፤ ጣውላው ስለሚንቀሳቀስ ይሰነጥቀዋል፣ የገባው ውሃም መውጫ ያጣና እንጨቱን ያበሰብሳል።

ጀልባውን ውሃ ዳር ታስሮ የሚጠብቅለት ዘመድ ላለው ሰው ጣውላ ከሦስቱ አንደኛ ነው። ቢሰበር አንድ ጣውላ ነቅሎ መተካት ይቻላል፤ ሬዚንም ሆነ ማሽን አይጠይቅም።

ላሜራ

በያጅ በየሰፈሩ ስላለ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ላሜራን ነው። አምስት ሉህ ባለ 1 በ2 ሜትር ጥቁር ላሜራ ይበቃል፤ ለጠርዙ ቱቦላሬ፣ ለወለሉ አንግል ብረት ይታከልበታል። የጣሪያ ቆርቆሮ ስስ ነው፤ ድንጋይ ይበሳዋል። ዚንክ የተቀባውን ላሜራ መበየድ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ሕመም ያመጣል፤ የሚበየደው ጠርዝ ዚንኩ በግራይንደር ተፍቆ፣ ሥራውም ሜዳ ላይ ይሁን።

ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ የተበየደ ስስ ላሜራ እንደ እንጀራ ጠርዝ ይኮማተራል። በየ10 ሴንቲሜትሩ ነጥብ ይያዝ፣ ከዚያ 5 ሴንቲሜትር በይዶ ወደ ሌላኛው ወገን መሄድ፣ የመጀመሪያው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ። ባለ 2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ከ40 እስከ 60 አምፔር ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ይበሳል። ብየዳው ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማወቅ በውጭ በኩል ኖራ ይቀባ፤ ሲደርቅ በውስጥ በኩል ነጭ ጋዝ ይቀባ። በኖራው ላይ እርጥብ ነጠብጣብ የወጣበት ቦታ ቀዳዳ አለው። ውሃ የማያሳየውን ቀዳዳ ነጭ ጋዝ ያሳያል።

እንጨት ውሃ ቢሞላም ይንሳፈፋል፤ ብረት ግን ድንጋይ ነው። 115 ኪሎውን ጀልባ ከነጫኑት ሰዎች ለመደገፍ ቢያንስ 150 ሊትር የታሸገ አየር ያስፈልጋል። ዙሪያውን የተበየደ የመቀመጫ ሳጥን፣ ውስጡ ክዳናቸው የጠበቀ ባለ 2 ሊትር 75 ሃይላንዶች የታጨቁበት፣ ይህን ይሞላል። ይህ ሳይደረግ የላሜራ ጀልባ ውሃ አይንካ። ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ፣ አንግል ብረቱ ወለሉ ላይ ከተቀመጠበት ስንጥቅ ነው፤ አንቲረስት እዚያ ከመበየዱ በፊትና በኋላ ይግባ። የብረት ወለል መቅዘፊያ በነካው ቁጥር ይጮሃል፤ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ቆሮሶ ዓሣን ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ የደንገል ታንኳ ቶሎ ውሃ ስለሚጠጣ በየጊዜው የሚያድስ እጅ ይፈልጋል። ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ላይ የተሠራ መደብ ለተኛ ኩሬ ይሆናል፤ ንፋስ ባለበት ሐይቅ መቅዘፍ አይቻልም። አንድ ጀልባ ብቻ ለመሥራት የፋይበር ግላስ ሞልድ ማውጣት ሁለት ጀልባ እንደ መሥራት ነው።

ግቢው ውስጥ ጥላ ያለው፣ የራሱ ወይም የወዳጁ መኪና የሚያመላልሰው፣ በወር አንድ ሁለት ጊዜ ዓሣ ሊያጠምድ የሚወርድ ሰው ኮምፔንሳቶ ይግዛ። ኢፖክሲ ካላገኘ በፖሊስተር ከመሥራት ኢፖክሲው እስኪገኝ መጠበቅ ይሻለዋል። ላሜራ የሚመረጠው ወርዶ መውጫው ድንጋያማ ሲሆንና ጥሩ በያጅ በእጅ ሲኖር ነው።

የትኛውም ቢሠራ መጀመሪያ ሰው አይግባበት። ዳር ላይ፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ፣ ውሃ የተሞሉ ሰባት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ይጫኑ፤ 140 ኪሎ፣ የሁለት ሰው ክብደት መሆኑ ነው። ከውሃው እስከ ጎኑ ጫፍ ቢያንስ 25 ሴንቲሜትር መትረፍ አለበት። ከዚያ ሦስቱን ጀሪካን ወደ አንድ ጎን ይግፉና ጫፉ ምን ያህል እንደሚወርድ ይለኩ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ወለሉ ላይ ውሃ ከታየ የገባበት ቦታ በእርሳስ ይከበብና ጀልባው ወደ ግቢው ይመለስ።