የአልጀብራ ክለሳ ኮርሱ፣ ከነመልስ ቁልፉ ስህተት

ፕሪ-ካልኩለስ (ለካልኩለስ የሚያዘጋጀውን የሂሳብ ትምህርት) ልጀምር ሁለት ወር ሲቀረኝ ነው ይህን የኦንላይን የአልጀብራ ክለሳ ኮርስ የገዛሁት። ሂሳብ ከተውኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። ትንሽ ካየሁት ይመለስልኛል ብዬ ነበር፤ ከመግቢያ ፈተናው 30 ጥያቄ ያገኘሁት ግን 13 ብቻ ነው። ደግነቱ ፈተናው ውጤት ነግሮ አያሰናብትም፤ የሳትኩትን በየዓይነቱ ለይቶ አስቀመጠልኝ። ከ17 ስህተቶቼ 9ኙ ክፍልፋይ ላይ ናቸው። እኔ እኮ ስፈራ የከረምኩት ኳድራቲክን፣ ኤክስ² ያለበትን እኩልታ፣ ነበር!

ትምህርቶቹ 24 ናቸው፤ ረጅሙ 12 ደቂቃ ነው። የአስተማሪዋ ፊት አይታይም፣ እጇና እስክሪብቶዋ ብቻ። መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ሦስተኛው ትምህርት ላይ ግን ማረከችኝ። (ኤክስ + 4)² ማለት ኤክስ² + 16 ነው ብላ ጻፈች። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ ቀስ ብላ በኤክስ ቦታ 3 አስገባች። 7 በ7 ሲባዛ 49፤ እሷ በጻፈችው ግን 9 ሲደመር 16፣ 25። የጎደለው 24 የት ገባ? መሃል ላይ የተዋጠው 8ኤክስ ነዋ። ከዚያ ቀን ወዲህ የተጠራጠርኩትን ሁሉ ቁጥር አስገብቼ ነው የማየው።

ስረዛ ላይም፣ ማለትም ከክፍልፋይ ላይና ታች የጋራውን አባዢ ማጥፋት ላይ፣ እንዲሁ። (ኤክስ² − 9) ለ(ኤክስ − 3) ሲካፈል ኤክስ + 3 እንደሚሆን አውቅ ነበር። ኤክስ 3 መሆን እንደማይችል ግን ረስቼዋለሁ፤ ታህቱ ዜሮ ይሆናላ። ከሰረዝን በኋላም ክልከላው አይነሳም፣ ግራፉም ላይ እዚያች ነጥብ ጋ ቀዳዳ ይቀራል። ይህን ግራፉን ስላ ስታሳይ ሁለቴ መልሼ አየሁት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። 19ኛው ትምህርት ስለ ስኩዌር ሩት ነው፤ መልመጃው ደግሞ √(ኤክስ + 7) = ኤክስ − 5 ይላል። ሁለቱንም ወገን ካሬ ስናደርግ ኤክስ² − 11ኤክስ + 18 = 0 ይመጣል፣ ከዚያ 9 እና 2። 9ኙ ልክ ነው፤ √16 እና 9 − 5 ሁለቱም 4 ናቸው። 2 ሲገባ ግን በግራ 3፣ በቀኝ −3። ስለዚህ 2 ይጣላል። የመልስ ቁልፉ ሁለቱንም ትክክል ይላል! 9 ብቻ ብዬ ሳስገባ "መልስዎ አልተሟላም" አለኝ። አስተማሪዋ ቁጥር አስገብታችሁ ፈትኑ እያለች፣ የራሳቸውን መልስ የፈተነ ሰው የለም። ጻፍኩላቸው፤ በ9ኛው ቀን "ተስተካክሏል" የሚል መልስ ላኩልኝ። ትናንት ገብቼ አየሁት፣ 2 አሁንም እዚያው ቁጭ ብላለች።

ፈንክሽን (ለሚገባለት ቁጥር ሁሉ አንድ ውጤት የሚሰጥ ደንብ) ላይም ሰስተዋል፤ ያለው አንድ የ8 ደቂቃ ትምህርት ነው። ፕሪ-ካልኩለስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈንክሽን ሆኖ ሳለ፣ በኤክስ ቦታ ኤክስ + 2 ማስገባትን የምትለማመዱበት አንድ ጥያቄ እንኳ የለም። ያንን ራሴ ጥያቄ እያወጣሁ ነው የሠራሁት። ካሬ ማሟላትን (ኤክስ² ያለበትን እኩልታ በሙሉ ካሬ መልክ የመጻፍ ዘዴውን) ግን በሁለት ትምህርት አጥግበው ነው ያስተማሩት።

በስድስተኛው ሳምንት መግቢያ ፈተናውን ደግሜ ወሰድኩ፣ 26 አገኘሁ። ከሳትኳቸው አራቱ ሁለቱ አሁንም ክፍልፋይ ናቸው።

አልጀብራን ድሮ ተምሮ ለዘነጋው ሰው ይሆናል፤ ከዜሮ ለሚጀምር ግን ፍጥነቱ አይያዝም። ከገዛችሁት ደግሞ ስትጨርሱ መዝጋቱን እንዳትረሱ፣ ክፍያው በየወሩ ራሱን ያድሳል።